የአላርም ፓነሉ አልተቃጠለም፣ ገና አልነሳም

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። ለአንድ ደንበኛ ባለ 8 ዞን የሽቦ አላርም ሰቀልኩ። ፓነሉን እንዲመች ብዬ መግቢያው በር አጠገብ አሰርኩት። 5 የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ 3 የበር ማግኔት፣ ኪፓዱንና የውጭውን ሳይረን ሁሉንም አገናኘሁ። ባትሪውን ሳስገባ ምንም ነገር የለም፤ አንድ መብራት እንኳ አላሳየም። ከዚያ ብሬከሩን ሳነሳ ሳይረኑ ጮኸ። ኪፓዱ ሁሉም ዞን ላይ ታምፐር ይላል። ኮዱን ባስገባም ዝም አላለም። በመጨረሻ ሁሉንም ነቃቅዬ ወረድኩ። ቦርዱ ተቃጥሏል ማለት ነው? ልመልሰው? ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ በትንሽ ፌስታል የታሸጉ ሬዚስተሮች ተርፈውኛል።»

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ላይ ነው። እነዚያ ሬዚስተሮች አልተረፉህም። ቦታቸው ሳይገቡ ነው የቀሩት። ከነገርከኝ ተነስቼ ስገምት ቦርዱ ደህና ነው። በባትሪ ዝም ያለው፣ የጮኸው፣ ታምፐር (ገመዴ ወይም ክዳኔ ተነካ) ያለው ሁሉ ሥራውን በትክክል ስለሠራ ነው። ስለዚህ ወደ ሻጩ ከመሮጥህ በፊት ይህን ረጋ ብለህ አንብብ።

ከባትሪው እንጀምር። ብዙ ፓነሎች በባትሪ ብቻ አይነሱም። ባትሪው ያለው መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ እንጂ ሥራ ለማስጀመር አይደለም። ቦርዱ ባትሪው ከመጠን በላይ ሲደክም፣ 10 ቮልት አካባቢ ሲወርድ፣ ጭራሽ እንዳይሞት ይቆርጠዋል። ይኸው መቁረጫ ዋናው መብራት እስኪመጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ነው የሚጠብቀው። አንዳንዱ ፓነል ላይ በባትሪ ለማስነሳት ሁለት ትናንሽ ፒኖች ወይም አንዲት ቁልፍ ታገኛለህ። መመሪያው ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ ግን መጀመሪያ ዋናው መብራት፣ ከዚያ ባትሪው ነው።

ሳይረኑስ? የውጭ ሳይረን አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ የራሱ ባትሪ አለው። ከፓነሉ የማያቋርጥ 12 ቮልት ይመጣለታል። ያ ቮልት እስካለ ዝም ይላል። ሲጠፋበት ገመዱ የተቆረጠ ይመስለውና በራሱ ባትሪ ይጮኻል። ሌባ ገመዱን ሲበጥሰው እንዲጮኽ ነው የተሠራው። ያንተ ደግሞ በዚያ ላይ ፓነሉ ታምፐር ስላየ ጩህ ብሎታል። የተጠቃሚ ኮድ ድምፁን ለአፍታ ቢያጠፋው እንኳ ምክንያቱ ስላልተወገደ መልሶ ይነሳል። በራሱ ባትሪ የሚጮኽን ሳይረን ደግሞ ጭራሽ ኮድ አያገኘውም።

ዋናው ጉዳይ ግን ታምፐሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ከገባህ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ፓነሉ ዞኑን፣ ማለትም እያንዳንዱን የሴንሰር መስመር፣ የሚያየው ክፍትና ዝግ እያለ አይደለም። ኦም፣ ማለትም የመስመሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም፣ ነው የሚቆጥረው። ሴንሰሩ ውስጥ ሁለት ሬዚስተር ይገባል። አንደኛው ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይታሰራል። ሁለተኛው የሴንሰሩን የአላርም ኮንታክት (የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ነው) ተሻግሮ፣ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው፣ ይቀመጣል። የታምፐሩ ኮንታክትም በተከታታይ ይገባል። ሁለቱም 4.7 ኪሎ ኦም ናቸው እንበል። ሁሉ ሰላም ሲሆን የአላርም ኮንታክቱ ዝግ ነው። ሁለተኛውን ሬዚስተር ያልፈዋል። ፓነሉ 4.7 ያነባል። ሰው ሲያልፍ ኮንታክቱ ይከፈታል፣ ሁለቱ ይደመራሉ፣ 9.4 ይሆናል። ይህ አላርም ነው። ገመዱ ከተቆረጠ ወይም የሴንሰሩ ክዳን ከተከፈተ ንባቡ መጨረሻ የለውም። ገመዱ እርስ በርሱ ከተነካካ ደግሞ ዜሮ ነው። ሁለቱም ታምፐር ናቸው።

አንተ ሬዚስተር ሳታስገባ ኮንታክቶቹን በቀጥታ አገናኘህ። ፓነሉ በሁሉም ዞን ዜሮ አነበበ። ሰው ገመዶቼን ሁሉ አጣብቋቸዋል ብሎ ታምፐር አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ በሬዚስተር እንዲያነብ ተዋቅሮ ነው የመጣው። ምን ያድርግ?

የሬዚስተሩ መጠን ከፓነል ፓነል ይለያያል። ዲኤስሲ 5.6 ኪሎ ኦም ይጠቀማል። ፓራዶክስ 1 ኪሎ ኦም። ሌሎች 2.2 ወይም 4.7 ይላሉ። ከሌላ ሥራ የተረፈህን አምጥተህ አትሰካ፤ ከሳጥኑ የመጣውን ተጠቀም። ከተደባለቀብህ ቀለሙን እይ። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ 4.7 ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ 5.6 ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ 1 ነው። ቀለሙ ከደበዘዘ በመልቲሜትር ለካው።

አሁን ልታስብ የምትችለውን ልገምት። «ሴንሰሩ ጣሪያ ጥግ ላይ ነው፣ መሰላል ከምወጣ ሬዚስተሮቹን ፓነሉ ውስጥ ባስገባቸውስ?» ይነሳል። ኪፓዱም ሁሉ ሰላም ይላል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እኔም እንዲህ አድርጌ ነበር። ሁሉንም ፓነሉ ተርሚናል ላይ ደረደርኳቸው፣ ፈተሽኩ፣ ሠራ፣ ወጣሁ። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ተጠርቼ አንዱ ክፍል ገባሁ። ሴንሰሩ ፊት ለፊቱ ስሄድ ቀይ መብራቱ ይበራል። ኪፓዱ ላይ ግን ምንም የለም። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ ለካ መደርደሪያ የሰቀለ ሰው ሚስማር ገመዱ ላይ መትቶበታል። ሁለቱ ክሮች ተጣብቀዋል። ሬዚስተሩ ከሚስማሩ ወዲህ፣ ፓነሉ ውስጥ ስለነበረ ፓነሉ ሁልጊዜ 4.7 ነው የሚያየው። ያ ክፍል ያን ሁሉ ጊዜ ጠባቂ አልነበረውም። ሬዚስተሩ መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ሴንሰሩ ሆድ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው ገመዱን የሚጠብቅልህ። መሰላሉን ውጣ።

ካነሳነው አይቀር፣ ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። ፓነሉን መግቢያው በር አጠገብ ማሰርህን አልወደድኩትም። በር አጠገብ የሚሆነው ኪፓዱ ነው። መግቢያው በር ላይ የመግቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ 30 ሰከንድ እንበል። የቤቱ ሰው ኮድ እንዲያስገባ ነው። ሌባም ይህንኑ 30 ሰከንድ ያገኛል። ዋናው ሳጥን ፊቱ ከተሰቀለለት ፓነሉ ከመጮኹ በፊት በመዶሻ ይጨርሰዋል። ፓነሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ እሱ ለመድረስ ቢያንስ አንድ ሌላ ሴንሰር ማለፍ የሚያስፈልግበት ቦታ ይግባ። ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ይሁን። እርጥበት ያለበት ቦታ አይሁን። ገመዶቹ አንዴ በር ጋ ስለደረሱ መቀጠል ይጠይቃል፤ ጣጣ ነው፣ አውቃለሁ። ካዛወርከው ግን መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልለህ ግድግዳ ውስጥ አትቅበረው። ተከፍቶ የሚታይ መገናኛ ሳጥን አድርግለት፤ የራሱ ታምፐር ቢኖረው ደግሞ የተሻለ ነው።

የዋናው መብራት ነገር ላይ አንተ ኤሌክትሪሺያን ስለሆንክ አላበዛም። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ግን 220 ቮልቱን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተወው። ፓነሉ ሊነቀል በሚችል ስፒና ላይ አይንጠልጠል። ቋሚ መስመር፣ የራሱ 3 አምፔር ፊውዝ፣ ቢቻል የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከፍሪጅ ጋር አንድ ብሬከር ላይ ካሰርከው ፍሪጁ ብሬከሩን በጣለ ቁጥር አላርሙ በባትሪ ይሠራል፤ አንድ ቀን ባትሪው ያልቃል። ሳጥኑ ብረት ከሆነ ግራውንዱ የግድ ነው። ክዳኑም ለብቻው በሽቦ ከሳጥኑ ጋር መያያዝ አለበት፤ ብዙ ሰው ክዳኑን አውልቆ ሲመልስ ያቺን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ይረሳታል። የ220ው ገመድ በራሱ ቀዳዳ ይግባ። ከሴንሰር ገመዶች ጋር አታጠላልፈው።

አሁን ወደ ማስነሳቱ። የተሳሳትከው አንድ ነገር ነው። ሁሉን አገናኝተህ አንዴ አበራህ። አንድ ነገር ሲበላሽ ከ10 ነገር የቱ እንደሆነ አታውቅም። ሳይረኑ እየጮኸ ደግሞ ማንም አያስብም። ስለዚህ ሁሉንም ንቀል። እያንዳንዱ ገመድ ራሱን በቁጥር ሳያስመሰክር ተርሚናል አይነካም።

መብራቱም ባትሪውም እንደጠፉ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርግ። ገመዱ ከፓነሉ የተነቀለ መሆን አለበት። አለበለዚያ የቦርዱ የራሱ ወረዳ ንባቡን ያዛባብሃል።

የበሩን ማግኔት ያዝ። በሩ ዝግ ሲሆን 4.7 ማለት አለበት። ሲከፈት 9.4። 4.65 ወይም 4.8 ካለህ አትጨነቅ፤ ሬዚስተሩ ራሱ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ ይላል፣ የገመዱ ኦም ደግሞ ከዚህ አንጻር ምንም ነው። በሩ ዝግ ሆኖ 9.4 ካነበብክ ማግኔቱ ከኮንታክቱ ርቋል። በሩ ተከፍቶም 4.7 ላይ ከቆመ ሁለተኛው ሬዚስተር በስህተት ታስሯል፣ ወይም ክሮቹ ተነካክተዋል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ላይ ግን አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ስትለካው 9.4 ይልሃል። ሰው እንኳ ባይኖር። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል። አልተበላሸም። አብዛኛው ሴንሰር ውስጥ ያለው ኮንታክት ተዘግቶ የሚቆየው 12 ቮልት ሲያገኝ ነው። መብራት ሲያጣ ይከፈታል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ ገመዱ ተቆርጦ ሴንሰሩ ቢሞት ፓነሉ እንዲያውቅ ነው። ስለዚህ መብራት ሳይኖር ክዳኑ ተዘግቶ 9.4፣ ክዳኑ ተከፍቶ መጨረሻ የሌለው ንባብ ካገኘህ ሽቦህ ልክ ነው። 4.7ቱን የምታየው ሴንሰሩ ሲነሳ ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሴንሰር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ክር እርስ በርስ ለካ። ዜሮ አካባቢ ካነበብክ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ያንን ገመድ ካበራህ በኋላ ከምታገኘው አሁን ብታገኘው ይሻላል፤ አለበለዚያ የቦርዱን የ12 ቮልት ፊውዝ ነው የሚበላብህ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍ። ዞን 1 ይህን ያህል፣ ዞን 2 ይህን ያህል። ያቺን ወረቀት ክዳኑ ውስጥ ለጥፋት። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቴክኒሻን፣ እሱም ምናልባት አንተው ነህ፣ ይመርቅሃል።

አሁን አብራ። ግን ባዶውን። ፓነሉና ኪፓዱ ብቻ። ኪፓዱን ከግድግዳው አውርደህ በአንድ ሜትር ገመድ ፓነሉ አጠገብ እሰረው። እንዲህ ካደረግህ ችግር ቢመጣ የረጅሙ ገመድ አለመሆኑን ታውቃለህ። ቦርዱን ከመንካትህ በፊት ግራውንድ የተደረገውን ብረት ሳጥን ንካ፤ ገላህ ላይ ያለው ስታቲክ ቦርድ ይገድላል።

ብሬከሩን አንሳ። ኪፓዱ ታምፐር ይላል። የፓነሉ ክዳን ክፍት ስለሆነና ዞኖቹ ባዶ ስለሆኑ ነው። ይበል። አንተ ቮልት ለካ። ከትራንስፎርመሩ ወደ ቦርዱ የሚመጣው ኤሲ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን እይ። ከዚያ ለሴንሰሮች የሚወጣውን ዲሲ ለካ። 13.7 አካባቢ መሆን አለበት። የባትሪው ገመዶች ጫፍ ላይም ብዙ ጊዜ 13.7 ወይም 13.8 ታገኛለህ። አንዳንድ ቦርድ ግን ባትሪ ካላየ እዚያ ላይ ምንም አያወጣም። ያ ብልሽት አይደለም።

ባትሪውን ከመሰካትህ በፊት ለብቻው ለካው። ጤነኛ የተሞላ ባትሪ 12.7 አካባቢ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ደክሟል፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ወርዶ ይሆናል። ከ10.5 በታች ከሆነ አትድከምበት፣ ሌላ አምጣ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ይህን ለኤሌክትሪሺያን መናገር ስድብ ይመስላል። ግን በጨለማ ሳጥን ውስጥ፣ ገመዶቹ ተጨናንቀው፣ አመሻሽ ላይ የሚገለበጠው ብዙ ነው። ከተገለበጠ ጥሩው ዕድል የባትሪው ፊውዝ ብቻ መቃጠሉ ነው። በባትሪው ላይ የገባበትን ወርና ዓመት በማርከር ጻፍ። በ3 ወይም በ5 ዓመት መቀየሩ አይቀርም።

ኪፓዱ ጭራሽ ካልበራ ሁለቱን የኃይል ክሮች እይ። በርቶ «ግንኙነት የለም» የሚል መልእክት ከጻፈ፣ ወይም ቁልፉን ስትጫን ካልመለሰልህ፣ ሁለቱ የዳታ ክሮች ተገላብጠው ሊሆን ይችላል። እነሱን ብትቀያይር ብዙ ጊዜ አይጎዳም። 12 ቮልቱን ዳታው ላይ ብታስገባ ግን ኪፓዱን ልትገድለው ትችላለህ። ስለዚህ ስትቀያይር መብራቱን አጥፋ፣ ባትሪውንም ንቀል። ሁለተኛ ኪፓድ ካለህ የየራሳቸው አድራሻ ይኑራቸው። ሁለቱም አንድ አድራሻ ካላቸው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

ይህ ከተስተካከለ ወደ ኢንስታለር ኮዱ፣ ማለትም ወደ ገጣሚው ባለሙያ ኮድ፣ ግባ። መመሪያው ላይ አለ። ግን መመሪያው ኢንተርኔት ላይም አለ፤ ማንም ያገኘዋል። ስለዚህ ሳትወጣ ቀይረው። አዲሱን ኮድ ለደንበኛው በታሸገ ወረቀት መተው ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንድ ባለሙያ ደንበኛው ሌላ ጋ እንዳይሄድበት ይደብቀዋል። እኔ ያንን አልወደውም፤ ዕቃው የሰውየው ነው።

ብዙ ፓነል በኢንስታለር ኮድ ውስጥ እስካለህ ድረስ ሳይረን አያስጮኽም። ሥራህን እዚያ ውስጥ ሆነህ ሥራ። የዞኑን የሽቦ ዓይነት ከሬዚስተሮችህ ጋር አስማማ። ባዶ የቀሩ ዞኖችን ዝጋ፣ ካልተዘጉም ተርሚናላቸው ላይ ሬዚስተር አድርግ። መግቢያ በሩን የመግቢያና የመውጫ ዞን አድርገው። ከበሩ ወደ ኪፓዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሴንሰር በሩ መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ የሚታገስ መሆን አለበት። በመስኮት የገባ ሰው ትዕግሥት አይገባውም። የቀሩት ወዲያው የሚጮኹ ይሁኑ።

ከዚያ ዞኖቹን አንድ በአንድ አስገባ። በየጊዜው አጥፍተህ፣ አንድ ገመድ አስረህ፣ አብርተህ። አሰልቺ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ግን አንድ ላይ ካስገባሃቸው መልሰህ አንድ በአንድ መንቀልህ አይቀርም። ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ እስኪረጋጋ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ መብራቱ ሲብለጨለጭ አትነካካው። ከዚያ ኪፓዱ ላይ ዞኑ ሲዘጋ ታያለህ። ተንቀሳቀስ፣ ይከፈታል። ክዳኑን ክፈት፣ ታምፐር ይላል። ሦስቱንም ካላየህ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

ረጅም ገመድ ካለህ ሴንሰሩ ጋ ሄደህ ቮልቱን ለካ። የተለመደው ቀጭን የአላርም ገመድ፣ ክሩ 0.22 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በ100 ሜትር አንዱ ክር 8 ኦም ያህል አለው። ሄዶ ሲመለስ 16 ነው። 100 ሚሊ አምፔር የሚበላ ኪፓድ 50 ሜትር ላይ ካለ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ13.7 ሲነሳ አይሰማህም። መብራት ጠፍቶ ባትሪው 11 ላይ ሲደርስ ግን ኪፓዱ ይንገዳገዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገመዱ ውስጥ ሥራ ፈት ክሮች ካሉ ለኃይሉ ሁለት ሁለት አድርጋቸው። ጥፋቱ በግማሽ ይቀንሳል። ገመድ ስትገዛ ደግሞ ጫፉን በካቻቢቴ ፋቅ አድርገህ እየው። ከመዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ኦሙ ከፍ ያለ ነው፣ ቪቴ ሥርም ይሰበራል።

ሳይረኑ የመጨረሻው ነው። ከሁሉም በኋላ። ገመዶቹን ፓነሉ ላይ እሰር፣ ከዚያ ሳይረኑ ጋ ወጥተህ እሰር፣ የሆዱን ባትሪ መጨረሻ ላይ አገናኝ፣ ክዳኑን ግጠም። ስትፈታ ደግሞ በተገላቢጦሽ፤ የሆዱ ባትሪ መጀመሪያ ይነቀላል። ከአንድ ሜትር ላይ ከ100 ዴሲቤል በላይ የሚጮኽ ነገር ነው። መሰላል ላይ ሆኖ ድንገት ቢነሳ ሰው የሚወድቀው ከድምፁ ሳይሆን ከድንጋጤው ነው። የጆሮ መድፈኛ አድርግ፣ መሰላሉንም ሰው ይያዝልህ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። የውስጥ ስፒከር የሚሰካበትና 12 ቮልት ሳይረን የሚሰካበት ተርሚናል ሊለያይ ይችላል። ስፒከሩን የሳይረኑ ቦታ ላይ ካሰርከው ይቃጠላል።

አሁን ሁሉ ሠራ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ኪፓዱ ሰላም አለ። አልጨረስክም። ብሬከሩን ጣል።

ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ አላርሙ የሚፈተነው ግን መብራት በሌለበት ነው። ኪፓዱ መብራት መጥፋቱን ሊነግርህ ይገባል፤ አንዳንዱ ወዲያው ሳይሆን ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚናገረው። የባትሪውን ቮልት እየለካህ ሳይረኑን አስጩኸው። ትንሽ ቢወርድ ያለ ነው። 12.5 የነበረው ባትሪ ሳይረኑ ሲነሳ ወደ 10 ከተንደረደረ አዲስ ቢሆንም አትመነው።

ሒሳቡንም እንሥራው። ቦርዱ 100 ሚሊ አምፔር፣ ኪፓዱ 80፣ 5 ሴንሰሮች በ15 ሒሳብ 75፣ ሳይረኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 25 ቢወስዱ 280 ነው። ማግኔቶቹ ምንም አይበሉም። ትክክለኛውን ቁጥር ከየዕቃው ወረቀት አንብብ። በ12 ሰዓት 3.36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ሳይረኑ 15 ደቂቃ በ400 ሚሊ አምፔር ቢጮኽ 0.1 ጨምር። 3.5 አካባቢ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 50131 ደረጃ ለመኖሪያ ቤት በተለመደው ግሬድ 2 የሚጠይቀው በባትሪ ብቻ 12 ሰዓት መቆየትን ነው። 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህንን ግማሽ አቅሙን ይዞ ይወጣዋል። 24 ሰዓት ካልክ ግን 6.8 ይደርሳል። ያንን አዲስ ባትሪ እንኳ በጭንቅ ነው የሚችለው፣ ዓመት የሠራማ አይሞክረውም። መብራት ረጅም ጊዜ በሚጠፋበት ቦታ ከሆንክ በረጅሙ መጥፋት አስላ። ሳጥኑ ስለቻለ ብለህ ግን ትልቅ ባትሪ አትጫንበት። ትንሹ ቻርጀር አይሞላልህም። ፓነሉ የሚፈቅደውን መጠን መመሪያው ይነግርሃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገህ የራሱ ባትሪ ያለው ተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚገባው።

እንግዲህ ቦርዱን ልመልስ ወይ ላልከው፣ ገና አትመልስ። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ሁሉንም ንቀል፣ ኪፓዱን ብቻ ተው፣ ባትሪውንም አታስገባ፣ ብሬከሩን አንሳ። ሦስት ቁጥር ለካ። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውን ኤሲ፣ ለሴንሰሮች የሚወጣውን ዲሲ፣ ባትሪው ለብቻው ሲለካ ያለውን ቮልት። ኤሲው ከሌለ መብራቱን አጥፍተህ የ220ውን ፊውዝ ፈትሽ። ኤሲው ኖሮ ዲሲው ከሌለ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የመስታወት ፊውዝ አውጥተህ በኦም ለካት። በዓይን ብቻ አትፍረድባት፤ ደህና መስላ የተቆረጠች አለች። ፊውዟም ደህና ሆና ዲሲ ከሌለ፣ ያኔ ቦርዱን መልሰው። ሦስቱን ቁጥር ጻፍልኝ፣ የሬዚስተሮቹንም ቀለም አብረህ።